ሁለት ልደት ያለው ፖርተር

በሥራ ቦታዬ ተነሥቼ የጮህኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ካዚኖ በሞላበት ከተማ ጩኸት ብርቅ አይደለም፤ የቁማር ማሽን የደረሰለት ሰው ቢጮህ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኔ የጮህኩት ግን ከካዚኖው ሦስት ፎቅ በላይ፣ ሁሉም ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ኮምፒውተሩ ላይ ባቀረቀረበት ጸጥ ያለ ቢሮ ውስጥ ነው። ያስጮኸኝም አንድ ሽማግሌ ሁለት ሰው ሳይሆኑ አንድ ሰው መሆናቸውን ማረጋገጤ ነበር። ከጎኔ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ደንግጦ የያዘውን ቡና የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ደፋው። እስከ ዛሬ አንዷ ፊደል አትሠራለትም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። ላስ ቬጋስ በዲቪ ስመጣ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖ ጎዳና ዳር ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ክፍል ማጽዳት ነበር። አራት ዓመት አልጋ አነጠፍኩ። ጎን ለጎን ኮሌጅ ገብቼ ኮምፒውተር ተማርኩና ሆቴሉን በኋላ የገዛው ኩባንያ ቢሮ ውስጥ ቀጠረኝ። ዘመዶቼ አሁን ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ ‹‹ያው አልጋ ማንጠፍ ነው›› እላቸዋለሁ። ቀልድ ይመስላቸዋል እንጂ እውነቴን ነው። ያኔም ሆነ አሁን ሥራዬ ሌላ ሰው አዝረክርኮት የሄደውን ነገር ማስተካከል ነው።

ባለፈው ዓመት ኩባንያው አጎራባች ከተማ ሄንደርሰን ያለ ሁለተኛ ሆቴል ገዛ። ሆቴል ሲገዛ ሕንፃውና አልጋው ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ የሠራተኛው መዝገብም አብሮ ይመጣል። እኛ ጋ ሲደርሱ ሁለቱ መዝገቦች ዓይንና ናጫ ሆነው ቁጭ አሉ።

የስትሪፑ ሆቴል የጽዳት ክፍል የሠራተኞቹን የአገልግሎት ዘመን የሚይዘው አንዲት ሱፐርቫይዘር ከብዙ ዓመታት በፊት ራሷ በሠራችው ዳታቤዝ ነበር። ማንም አላዘዛትም፤ የዕረፍት ቀን ስትደለድል ጭቅጭቁ ስለሰለቻት ነው የሠራችው። ቀስ በቀስ ሁሉም እሱን ማመን ጀመረ። አንዳንዱ ስም ቢጫ ተቀብቷል፤ ቢጫው ምን ማለት እንደሆነ ግን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፣ እሷም ጡረታ ወጥታለች። የሄንደርሰኑ ደግሞ ከውጭ የተገዛ ኩሩ ዳታቤዝ ነው፤ አንዲት ሳጥን ባዶ ከተውክበት ጠቅላላውን አልቀበልም ይልሃል። አንደኛው ወርን ያስቀድማል፣ ሌላኛው ዓመትን። አንደኛው ፖርተር የሚለውን የሥራ መደብ ሌላኛው በቁጥር ብቻ ይጠራዋል። ሁለቱን ወደ አንድ የማምጣቱ ሥራ ለእኔ ሲሰጠኝ የተሰማኝ ደስታ የሠርጌን ቀን ደስታ ሳይበልጥ አይቀርም። ባለቤቴ ይህን ቢያነብ ይታዘበኛል።

ምኑ ያስደስታል ለሚለኝ ሰው መልስ አለኝ። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ሕንፃ ውስጥ ሆነው ስለ አንድ ሰው ጽፈዋል። አንዷ ስለ ጉልምስናው፣ ሌላው ስለ ሽበቱ። ሁለቱ ጽሑፎች ተፈላልገው ሲገናኙ የአንድ ሰው ሙሉ ታሪክ ዓይኔ ሥር ይቆማል። ኮምፒውተሩ ስምና የልደት ቀን ያነጻጽራል፤ ከገጠመለት ‹‹አንድ ሰው›› ብሎ አረንጓዴ መስመር ያወጣል። አረንጓዴ መስመር በወጣ ቁጥር ወንበሬ ላይ እንደ ልጅ እወዛወዛለሁ። አስተዋይ አንባቢ ‹‹ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው የሚሰጠው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር እያለ ልደት ምን ያደርጋል?›› ማለቱ አይቀርም። ሱፐርቫይዘሯ ቁጥሩን አልያዘችም፤ የዚያን ዘመን የደመወዝ መዝገብ ደግሞ ከቀድሞው ባለቤት ጋር ሄዷል። የቀረን ስምና ልደት ነው።

የሚያስቸኩል ነገርም ነበር። የሆቴል ሠራተኛ ቢድ የሚባል ቀን አለው። በዓመት አንዴ ሁሉም ተሰልፎ ሺፍቱን ይመርጣል፤ ብዙ ዓመት ያገለገለ ቀድሞ፣ አዲስ የገባ መጨረሻ። በዚያ ዓመት ሁለቱ ሆቴሎች ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሊመርጡ ነው፤ በአንዱም ሆነ በሌላው ያገለገሉት ዓመት እንዲደመር ከሠራተኛው ጋር ስምምነት ተፈርሟል። የዓመታቱን ዝርዝር የምናወጣው እኛ ነን። ዓርብ መለጠፍ ነበረበት።

‹‹እኛ›› ስል እኔና አለቃዬ ነን። አለቃዬ ሄንደርሰን ውስጥ ግሪን ቫሊ የሚባል ሰፈር ተወልዳ ያደገች የሐበሻ ልጅ ናት፤ በዕድሜ ዐሥራ አምስት ዓመት እበልጣታለሁ። አማርኛዋን ከእናቷ ነው የለቀመችው፤ አንቱታ የሚባል ነገር ደግሞ አልደረሳትም። መጀመሪያ ሰሞን ታናድደኝ ነበር። ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ ካየኋት በኋላ ግን አፌን ያዝኩ። እኔ ሁለት ቀን የታገልኩበትን ነገር ሳንድዊቿን በአንድ እጇ ይዛ በአምስት ደቂቃ ትፈታዋለች።

ያን ሰሞን ግሪን ቫሊ ያለ አንድ ሱፐርማርኬት በር ላይ ጋሼን አገኘኋቸው። ጋሼ የምላቸው አልጋ ሳነጥፍ በነበረበት ጊዜ የእኔ ፎቅ ፖርተር የነበሩ ሰው ናቸው። ፖርተር ማለት የቆሸሸውን አንሶላ ወስዶ የታጠበውን የሚያመጣ፣ ምንጣፉን የሚጠርግ፣ የተሰበረውን ብርጭቆ የሚለቅም ነው። እኔ አዲስ ሳለሁ የከበደውን ፍራሽ በጉልበት ሳይሆን በማዕዘኑ ማንሣትን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በዓመት አንዴ ደግሞ፣ ጃንዋሪ ሊያልቅ ሲል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይዘው ይመጡና የአንሶላው ጋሪ ላይ ቆርሰው ያበሉኝ ነበር። ‹‹ዛሬ አስተርዮ ማርያም ናት፤ ልደቴ ናት›› ይሉኛል። እኔም እንኳን አደረስዎ ብዬ እበላ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ስትሪፑ ላይ ከሠሩ በኋላ ቤታቸውን ሄንደርሰን፣ ዋተር ስትሪት አካባቢ ሲያደርጉ ለቀው እዚያው ያለው ሆቴል ገቡ። ሁለቱ ሆቴሎች ያኔ አይተዋወቁም፤ ስለዚህ ጋሼ ከመጨረሻው ጀመሩ። የደረሳቸው ማንም የማይፈልገው የሌሊት ሺፍት ነው። ባለቤታቸው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነው የሚሠሩት፤ ገና ጎሕ ሳይቀድ ይወጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይገባሉ፣ ጋሼ ሊነሡ ሲሉ ይተኛሉ። የዕረፍት ቀናቸውም አልገጠመም። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ የብሶት ቃና አልነበራቸውም፤ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወሩ ሁሉ ጋሪያቸውን እየገፉ ነው የነገሩኝ። ሰባት ዓመት የመኪና ቁልፍ እየተቀባበሉ ነው የኖሩት።

ከዚያ ቆም አሉና ጠየቁኝ። የቀኑ ሺፍት ላይ አንድ የፖርተር ቦታ መከፈቱን ሰምተዋል።

‹‹የድሮው ዘጠኝ ዓመት ይቆጠርልኛል ወይ ልጄ? ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ጡረታ ሳልወጣ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጬ ራት መብላት አማረኝ።››

ሰው እንዲህ ሲል እንዴት ዝም ይባላል? በአንድ አፍ ይቆጠርልዎታል አልኳቸው። ምንም አያስቡ፣ ዝርዝሩን የማወጣው እኔ ነኝ አልኩ። ደረቴን ነፍቼ ነበር ያልኩት፤ መኪናዬ ድረስ ስሄድ እግሬ መሬት አይነካም ነበር። ዘጠኝና ሰባት ዐሥራ ስድስት ነው። ከሳቸው ቀጥሎ ያለው ፖርተር ዐሥራ ሁለት ዓመት ነው ያለው። ያለቀ የደቀቀ ጉዳይ ነው ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ ኮምፒውተሩን አስነሣሁት። አረንጓዴው መስመር እንደ ዝናብ ወረደ፤ አብሳዮች፣ አስተናጋጆች፣ ዘበኞች ከሁለት ወደ አንድ ተሰበሰቡ። እጄን እያፋተግሁ የጋሼን ስም ፈለግሁ። ሁለት ጋሼ አገኘሁ። አንደኛው ስትሪፑ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሠርተው የጠፉ፣ ሜይ ሃያ አንድ፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት የተወለዱ ሰውዬ። ሁለተኛው ሄንደርሰን ሰባት ዓመት የሠሩ፣ ጃንዋሪ ሃያ ዘጠኝ፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሁለት የተወለዱ። በአንዱ የአባታቸው ስም፣ በሌላው የአያታቸው ስም መጨረሻ ላይ ቆሟል። ይህ አልገረመኝም፤ የቤተሰብ ስም የሌለን ሰዎች ፎርም ስንሞላ የሚደርስብን ነው። ልደቱ ግን የትና የት! ኮምፒውተሩ የሰባት ዓመቱን ሰውዬ ብቻ ቆጥሮ ሦስተኛ ረድፍ ላይ አስቀመጣቸው።

እኔ ምን ቸገረኝ፣ ሰውዬውን በአካል አውቃቸዋለሁ። ሁለቱን መስመሮች በእጄ መርጬ ‹‹አንድ አድርግ›› የሚለውን ልጫን ስል አለቃዬ ከኋላዬ ቆማለች።

‹‹ይሄን ሰው ታውቂዋለሽ?››

በደንብ አውቃቸዋለሁ አልኳት።

‹‹እንደዛ ከሆነ አንቺ ተች አታደርጊውም። ሩል ነው። አንቺ የምታውቂውን ሰው ፊክስ ካደረግሽ፣ አንቺ የማታውቂውን ሰው ማነው ፊክስ የሚያደርገው?››

ደሜ ፈላ። ለአንድ ዳቦ አጉራሼ ፍርድ ስጠይቅ የሕግ ትምህርት ትሰጠኛለች ብዬ ተናደድኩ። በወጉ የማላስታውሰውን ነገር ተናግሬያት ወደ መጸዳጃ ቤት ሄድኩና እዚያ ከመስታወቱ ጋር ተጨቃጨቅሁ። ክፋቱ፣ መስታወቱም በመጨረሻ ለእሷ ፈረደላት። ዝርዝሩ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለ፤ ሁሉም ሱፐርማርኬት በር ላይ እኔን አላገኘኝም።

በእጅ ካልሆነ በሕግ ይሁን አልኩ። ለሁሉም የሚሠራ መመሪያ ጽፌ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲያገኛቸው ማድረግ አለብኝ። ማክሰኞ እልህ ይዞኝ መመሪያውን አላላሁት፤ የመጀመሪያ ስም ከገጠመ፣ ልደቱ እስከ ስምንት ዓመት ቢለያይም አንድ ሰው ነው በል አልኩት። ጋሼ አንድ ሆኑ! እየፈነደቅሁ አለቃዬን ጠራኋት። እሷ ጋሼን አላየችም። ጣቷን ሌላ መስመር ላይ አሳረፈች። አንዲት የሜክሲኮ ሴት ስትሪፑ ላይ፣ ሌላ ሞክሼዋ ሄንደርሰን ላይ፤ ሁለቱም በሕይወት ያሉ፣ ሁለቱም ዛሬ ሥራ ላይ ያሉ። የእኔ መመሪያ ሁለቱን አንድ አድርጎ የአንዷን ዐሥራ አንድ ዓመት ለሌላዋ ሸልሟል።

‹‹ይቺ ሴትዮ ዓርብ ስትመጣ፣ የለሽም ትያታለሽ?›› አለችኝ።

በመሬት ብገባ ደስ ባለኝ። መመሪያውን አጠፋሁት። ያን ቀን ምሳዬንም አልበላሁም።

ረቡዕ ጠዋት፣ እንግዲህ ሁለት ቀን ቀርቶኛል፣ ሌላ መንገድ ሲጠፋኝ ጡረታ ለወጣችው ሱፐርቫይዘር ደወልኩላት። አሁን ከልጅዋ ጋር ኢንስፒራዳ የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው። ወሬ የጠማት ሴት ናት፤ መጀመሪያ ቢጫውን አስረዳችኝ። ቢጫ የተቀቡት፣ ቅዳሜ ኑ ሲባሉ ሳያጉረመርሙ የሚመጡ ናቸው። ቀጥዬ ልደቱን ከየት እንዳገኘችው ጠየቅኋት። እያንዳንዱ ሠራተኛ ሥራ ሲጠይቅ በገዛ እጁ ከሞላው ፎርም ላይ ነው የገለበጥኩት፣ አንዲት ቁጥር አላረምኩም አለች። እንዲያውም የፎቁን ሰው ልደት በዚያ እየተከታተልኩ ኬክ እገዛ ነበር አለች። የጋሼን ነገር ሳነሣባት ሳቀች።

ያ ሰውዬ ጨዋ ነው፣ ነገር ግን ኬክ ሲመጣለት ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይገረማል አለችኝ። በየዓመቱ ሜይ ሃያ አንድ ሻማ ለኩሼ እሰጠዋለሁ፤ ዙሪያውን ያያል፣ የማን ልደት እንደሆነ የሚፈልግ ይመስላል፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ አመስግኖ ይበላል።

ሜይ ላይ ኬክ ይበላሉ። ጃንዋሪ ላይ ዳቦ ያበሉኛል። አስተርዮ ማርያም፣ ልደቴ ናት። አስተርዮ ማርያም መቼ ናት? ጥር ሃያ አንድ! ጥር ስንተኛ ወር ናት? በጣቴ ቆጠርኩ፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። አምስት። አምስተኛው ወር፣ ሃያ አንደኛው ቀን፣ ሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት። ሰውዬው ሜይን መች አሰቡት? ‹‹ወር›› ሲላቸው አምስት፣ ‹‹ቀን›› ሲላቸው ሃያ አንድ፣ ‹‹ዓመት›› ሲላቸው የአገራቸውን ዓመት ሞልተው ሰጥተዋል። አንዲትም ስሕተት አልጻፉም፤ የተሳሳተው አቆጣጠሩን ያልጠየቀው ፎርም ነው። ሱፐርቫይዘሯን አመስግኜ ይሁን ሳላመሰግን ስልኩን እንደዘጋሁት አላስታውስም።

አቆጣጠሩን መገልበጥ ጀመርኩ። ጥር ሃያ አንድ፣ ሃምሳ አራት፣ ወደ ፈረንጅ ሲመጣ ጃንዋሪ ሃያ ዘጠኝ፣ ስልሳ ሁለት ነው። ከፓስፖርታቸው ከተገለበጠው ከሄንደርሰኑ ጋር ቀኗ ሳትዛነፍ! አንድ ቀን ወደፊት የለ፣ አንድ ቀን ወደኋላ የለ። የጮህኩት ይኼኔ ነው።

አለቃዬ ከቢሮዋ ወጥታ ምን ሆንሽ አለችኝ። አምስተኛው ወር፣ አምስተኛው ወር እላለሁ። ሜይ ነዋ አለች። ጥር ነው እላለሁ። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሁሉን ነገር ቀስ ብዬ እንድነግራት አዘዘችኝ። የእኛ አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ እንደሚገባ፣ ዘመኑም በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚያንስ ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ። እናቷ አገር ቤት ገና ሁለት ሺህ ዐሥራ ምናምን ነው ስትላት ቀልድ ይመስላት ኖሯል። ሰውዬውን እርሺው፣ መመሪያውን ጻፊና ሁሉም ሰው ላይ እንሞክረው አለችኝ። መመሪያው ጥብቅ ነው፦ የመጀመሪያ ስም መግጠም አለበት፤ የስትሪፑ ልደት በእኛ አቆጣጠር ነው ተብሎ ሲገለበጥ ከሄንደርሰኑ ጋር ቀን በቀን መግጠም አለበት፤ አንድ ሰው በሁለቱም ሆቴል በአንድ ጊዜ ሲሠራ ከተገኘ አይነካም።

አስነሣነው። አምስት አረንጓዴ መስመር ወጣ። ስሞቹን አየናቸው፤ አምስቱም ሐበሻ! ለኮምፒውተሩ ማን ሐበሻ እንደሆነ አልነገርነውም። ያንን እያየሁ እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደመጣ አሁንም በቅጡ አላውቅም። ከዚያ ደግሞ ዓይኔ በአንድ ቀን ልዩነት የወደቁ መስመሮች ላይ አረፈ። ግንባሬን መታሁት። ጳጉሜን ረስቻለሁ!

‹‹ጳጉሜ ምንድነው?›› አለች አለቃዬ።

ዐሥራ ሦስተኛዋ ወር ናት፤ አምስት ቀን አላት፣ በአራት ዓመት አንዴ ግን ስድስት ትሆናለች፤ ያን ጊዜ አዲሱ ዓመት በአንድ ቀን ይገፋል አልኳት። አለቃዬ በሁለት እጇ ፀጉሯን ያዘች። ቢሆንም አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም፤ ጳጉሜ ስድስትን አስገባችልኝ። አራት ሰዎች ተጨመሩ። ዘጠኝ ሆኑ። ሁለታችን ስክሪኑ ፊት ተቃቅፈን ዘለልን፤ ቡናው የፈሰሰበት ባልደረባችን ጨርቅ ይዞ ያየናል።

እሷ ግን አለቃ ናትና ቶሎ ወደ ልቧ ተመለሰች። ዘጠኙ በኮምፒውተር ብቻ አይጸድቁም፣ የሠራተኛ አስተዳደሩ፣ ኤች አር፣ የእያንዳንዱን የእጅ ጽሑፍ ያወጣል፣ ባለቤቱ ቀርቦ ይፈርማል አለች። አሁን አልተናደድኩም። ከዘጠኙ አንዷ ፎርሟ ከመጋዘን ጠፍቶ ለዓርብ ሳይደርስላት ቀርቷል፤ የእሷ ነገር አሁንም ይቆጨኛል።

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ከሺፍት ሲወጡ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ መጡ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ውስጥ ገብቼ እንዳስተረጉም የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። የኤች አሯ ሴትዮ በእጃቸው የሞሉትን አሮጌ ፎርም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጽሑፋቸውን አዩትና ፈገግ አሉ። ለምን በአገርዎ አቆጣጠር ጻፉት ብላ ጠየቀች። ጋሼ የመለሱላትን እንዳለ ነው የተረጎምኩላት።

‹‹ፓስፖርቱ ላይ ያለውን የጻፈው የቢሮ ሰው ነው። የተወለድኩበትን ቀን የነገረችኝ እናቴ ናት። እሷ ያለችኝን ጻፍኩ።››

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀችና የሚፈረመውን ወረቀት ሰጠቻቸው። ሁለቱም መዝገቦች የእኔ ናቸው ይላል። መነጽራቸውን አውጥተው ቃል በቃል አነበቡት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የሜይ ሃያ አንዱም ሰውዬ እኔ ነኝ ማለት ነው ወይ አሉኝ። እርስዎ ነዎት አልኳቸው።

‹‹እንኳንም ኬኩን በላሁት›› አሉና ፈረሙ።

ዓርብ ዝርዝሩ ተለጠፈ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ይላል ከስማቸው ጎን። በሳምንቱ ቢድ ቀን ተሰልፈው ጠዋት ገብቶ ከሰዓት በኋላ የሚወጣውን ሺፍት መረጡ። ከሳቸው ቀጥሎ የነበረው ባለ ዐሥራ ሁለት ዓመት ፊሊፒናዊ የማታውን ወሰደ። አንድ ቀን የሠራተኛ ካፍቴሪያ ውስጥ ሳገኘው ሰላም አለኝ፤ ከየት እንደተነሣ የማያውቀው ሰው እንደቀደመው እኔ አውቃለሁ። ዓመቶቹ የጋሼ ናቸው፤ ግን ሾርባዬን ይዤ ራቅ ካለ ጠረጴዛ ሄጄ ተቀመጥኩ።

የቀኑን ሺፍት በጀመሩ በሦስተኛው ቀን ጋሼ ራት ጠሩኝ። ዋተር ስትሪት አጠገብ ያለችው አፓርታማቸው ስደርስ ገና ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ የበጋው ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ባለቤታቸው ያንን ቀን ብለው ዶሮ ሠርተዋል። ጋሼ ሸሚዛቸውን ቀይረው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ለእንግዳ እንደተዘጋጀ ሰው ሆነዋል፤ እንግዳዋ ግን እኔ አልመሰልኳቸውም። እኔን ከሳሎን ባመጡት በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ወጥ ወጣ፣ እጅ ታጠብን። ባልና ሚስቱ እኩል ወደ ጠረጴዛው መጡ፤ እኩል አንዱን ወንበር ያዙ።

መስኮቱን የሚያየው ወንበር ነው። መቀመጫው ተጎድጉዷል። ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሁለተኛው ወንበር ላይ የታጠፈ ልብስ እስከ መደገፊያው ድረስ ተቆልሏል።

‹‹እዚህ እኮ የምቀመጠው እኔ ነኝ›› አሉ ባለቤታቸው።

‹‹እኔም እዚሁ ነኝ የምቀመጠው›› አሉ ጋሼ።

ሁለቱም የወንበሩን መደገፊያ እንደያዙ ተያዩ። ሰባት ዓመት፣ አንዱ በጠዋት ሌላው በማታ፣ አንድ ወንበር ላይ ሲበሉ ኖረዋል፤ ሁለተኛውን የፈለገው ሰው አልነበረም። ባለቤታቸው ቀድመው ሳቁ፣ ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጋሼ እጃቸውን ከመደገፊያው አነሡና ወደ ማዶ ዞሩ። የተቆለለውን ልብስ በሁለት እጃቸው አቅፈው ወዲያ ወዲህ ሲሉ የሚያስቀምጡበት ስላጡ እኔ ጭን ላይ አኖሩት። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርገው ከሚስታቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ። እኔም እስከ አገጬ ድረስ ልብስ እንደታቀፍኩ ራቴን በላሁ።